የተቀላቀለ ሁሉ ይለያል

አያቴ በአዲጋላ ገበያ ዕጣን እየቸረቸሩ አሳደጉኝ። ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ የደብተር መግዣ ቢያጥረኝ፥ ከግራር የለቀምሁትን ሙጫ ከዕጣናቸው ጋር ቀላቅዬ ሚዛኑን ከፍ አደረግሁት። ዓይናቸው ስለ ደከመ አላወቁም፤ አንዲት የቆየች ደንበኛ ግን አጭሳው ሽታው ስላላማራት መልሳ አመጣችው። አያቴም ለብዙ ዘመን ዕጣን ያመጣላቸው የነበረው ነጋዴ ያታለላቸው መስሏቸው ከእርሱ ጋር ተጣሉ። እኔም ዝም አልሁ።

ዘንድሮ የኬሚስትሪ መምህራችን በጠመኔ ላይ ጥቁር ቀለም አንጠባጥበው በጥቂት ውሃ ውስጥ አቆሙት። ውሃው ሽቅብ ሲሳብ፥ ጥቁሩ ቀለም ሰማያዊና ቀይ ሆኖ ተለያየ። ይህን ብልሃት በ1906 በአውሮጳ አቆጣጠር ክሮማቶግራፊ ብሎ የሰየመው፥ የቅጠል ቀለሞችን በጠመኔ ዱቄት ውስጥ አሳልፎ የለየው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ሚካኤል ጽቬት ነው።

በ1962 ደግሞ ክሌስፐርና ባልደረቦቹ በብርቱ በተጨመቀ ጋዝ መለየትን ሞከሩ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ከ31 ዲግሪ በላይ ሞቆ፥ ከአየር ግፊት 73 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ሲጨመቅ ሱፐርክሪቲካል ፍሉይድ ይባላል፤ እንደ ጋዝ ይሰርጋል፥ እንደ ፈሳሽም ያሟሟል። ድብልቁን ተሸክሞ ደቃቅ ዱቄት በታጨቀበት ቱቦ ሲያልፍ፥ ከዱቄቱ ጋር የሚጣበቀው ወደ ኋላ ይቀራል፥ የማይጣበቀው ይቀድማል። አህያና ፍየል በቁጥቋጦ መካከል አብረው ሲነዱ፥ ፍየሏ በየቅጠሉ እየቆመች እንደምትዘገየው ማለት ነው። በመጨረሻ ግፊቱ ሲለቀቅ ጋዙ በንኖ ይሄዳል፥ የተለየው ነገር ይቀራል።

መምህራችን «የአዲጋላ ቀትር ሙቀቱን ይሰጠናል፤ የጎደለን ግፊቱ ነው» ቢሉ ሁላችን ሳቅን። ቀጥለው ግን «ይህ ጋዝ የዕጣንን ዘይት ያወጣል፥ ሙጫን ግን አያሟሟም» ባሉ ጊዜ ልቤ ደነገጠ።

ማታ ለአያቴ ሁሉን ነገርኋቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፥ ዕጣኑስ ይቅር፤ ሰውዬውን እንዴት አድርገን እንመልሰው?» አሉኝ። በማግሥቱ አብረን ሄደን ነጋዴውን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሻዩን ጠጣ እንጂ መልስ አልሰጠኝም፤ ዕጣንም እስከ ዛሬ አላመጣልንም።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የተቀላቀለውን የሚለይ መሣሪያ አለ። የተለያዩትን ወዳጆች የሚያስታርቅ መሣሪያ ግን ስለሌለ፥ አስቀድመን እጃችንን እንጠብቅ።