መንገዱ ሳሙና ነው

ዛሬ የማጫውታችሁ ባለፈው ሐምሌ ከቤተሰቤ ጋር በአርቪ ስለሄድነው ጉዞ ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያጠፋሁት እኔ አባትየው ነኝ። ልክ የነበረችው የ10 ዓመቷ ልጄ ናት።

አርቪ ማለት በጎማ ላይ ያለ ቤት ነው። ውስጡ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅና መጸዳጃ አለው። የንጹህ ውኃ ታንከር አለው፤ የዕቃ ማጠቢያውና የመጸዳጃው ፍሳሽ ደግሞ የየራሳቸው ታንከር አላቸው። ይሄ ፍሳሽ የትም አይደፋም፤ ለእሱ በተዘጋጀ ቦታ ብቻ ነው የሚለቀቀው። እኛ ለአራት ቀን የተከራየነው 7 ሜትር ተኩል ይረዝም ነበር። እናቴ ከደጀን ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር ሳድል ሪጅ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ስታየው «ይሄ መኪና ነው ወይስ ጎጆ?» ብላ አሳቀችን።

ልጆች፣ «ሳድል» በአማርኛ ኮርቻ እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? «ሆርስሹ» ደግሞ ከፈረስ ኮቴ ሥር የሚመታው ብረት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን መንገዳችን ከኮርቻ ተነስቶ እስከ ፈረስ ኮቴ ነበር ማለት ነው! ሆርስሹ ካንየን ከድራምሄለር ከተማ ትንሽ ቀደም ብሎ በ9 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር ይገኛል። ሜዳው ለጥ ያለ የስንዴና የካኖላ እርሻ ነው። ከዚያ ድንገት መሬቱ ይከፈትና ገደል ይሆናል። በአባይ በረሃ ያለፋችሁ ወላጆች ነገሩ ይገባችኋል፤ ከጎሐ ጽዮን ሜዳ ወደ ታች ሲወረድም እንዲሁ ድንገት ነው። ልዩነቱ የአባይ ገደል ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ይሄኛው ታናሽ ወንድሙ ነው።

የገደሉ ግድግዳ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ አንዱ ሽፋን ነጣ ያለ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። አሸዋውንና ጭቃውን ከ70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወንዞች ያመጡት ነው። ጥቁሩ የድንጋይ ከሰል ሲሆን የዚያ ዘመን ረግረግ ውስጥ ከበሰበሰ ተክል የመጣ ነው። በመካከሉ ከእሳተ ገሞራ የወረደ አመድ አለ። ይሄ አመድ በጊዜ ብዛት ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፈር ሆኗል። ገደሉን የቆፈረው ደግሞ የበረዶው ዘመን ሲያበቃ የቀለጠው ውኃ ነው። ቤንቶናይትን አስታውሱት፤ ጉዱ የመጣው ከእሱ ነው።

ድራምሄለር ስንደርስ ሮያል ቲረል ሙዚየምን ጎበኘን። ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ስሙን ያገኘው ከጆሴፍ ቲረል ነው። እሱ በ1884 በዚህ ሸለቆ የድንጋይ ከሰል ሲፈልግ አልቤርቶሳውረስ የተባለውን ሥጋ በል ዳይኖሰር የራስ ቅል አገኘ። ከሰል ፍለጋ ሄዶ ዳይኖሰር!

ከሙዚየሙ ስንወጣ ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ አባርቷል። እኔ ደግሞ ወንዙን ከላይ የሚያሳይ አንድ የእርሻ መንገድ በስልኬ ካርታ ላይ አየሁ። አስፋልት አይደለም፤ ጠጠርም የለውም። የኪራይ ውላችን እንዲህ ያለ መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላል። «ትንሽ ነው፣ ማን ያየናል?» ብዬ ታጠፍኩ። መግቢያው ላይ ምልክት ቆሟል፤ ልጄ አነበበችው። በእንግሊዝኛ «ሲረጥብ አያሳልፍም» የሚል ነው። አያቷ እንድትሰማ ብላ በአማርኛ ልታስረዳን ሞከረች።

«አባዬ፣ አትሂድ! መንገዱ… መንገዱ… ሳሙና ነው!»

እኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። «‹ሳሙና ነው› አይባልም የኔ ቆንጆ፤ ‹ያዳልጣል› ነው የሚባለው» አልኳት። ቃሏን አረምኩ፤ መሪውን ግን አላዞርኩም።

ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልሄድንም። ቤንቶናይት ደርቆ ሲታይ እንደ ፈንዲሻ የተፈረካከሰ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ያብጥና ይለሰልሳል። ያ ሁሉ ቤት በጎማ ላይ እንደ ጀልባ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ቦይ አፋፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ዕቃው ከቁም ሳጥኑ ወረደ፤ ትንሹ ልጄ አለቀሰ። እኔ ቤንዚን ስሰጠው ጎማው ባለበት ተሽከረከረና ይበልጥ ሰመጠ። ስልካችን ኔትወርክ አልያዘም።

«አጥፋው!» አለች እናቴ ከኋላ። ወርዳ አፈሩን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ይሄማ የኛው ዋልካ ነው። ዋልካን ፀሐይ እንጂ ጉልበት አያሸንፈውም። ነገ እስኪደርቅ ቁጭ በል።»

እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ግን ልክ ነበረች። የደጋው ጥቁር ዋልካ አፈርና ቤንቶናይት ባሕርያቸው ይመሳሰላል። ሁለቱም ውኃ ሲያገኙ የሚያብጥ፣ ሲደርቁ የሚሰነጠቅ የሸክላ ዓይነት አለባቸው። ክረምት ላይ ዋልካ ውስጥ በሬ ሲይዘው ያየ ገበሬ የአልበርታን አፈር በአንድ ንክኪ ያውቀዋል።

ያን ማታ እዚያው አደርን። ምግብም ውኃም ስለነበረን ችግር አልነበረም። እናቴ በጋዟ ምድጃ ሽሮ ሠራች። ልጄ ግን አንድ ቃል አማርኛ አልወጣትም። ከወንድሟ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የምታወራው። አያቷ «ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?» ብላ ብትጠይቃት ብዙ ቆየችና፣

«አማርኛ ሳወራ ቃሉ ይጠፋኛል። አባዬ ሲስቅ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል» አለች።

ወላጆች፣ ይሄን ስሰማ ከጭቃው ይልቅ እኔ ሰመጥኩ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ እዚህ አገር እንግሊዝኛ አልችልም፤ ሱቅ ስገባ በጣቴ እያሳየሁ ነው የምገዛው። ማንም አልሳቀብኝም። አንተ በገዛ ቤትህ በልጅህ ትስቃለህ? እኔ ‹ሳሙና ነው› ስትል ወዲያው ገብቶኛል። አንተ ምን ቸገረህና ሳይገባህ ቀረ?»

ምን እመልሳለሁ? ገብቶኝ ነበር እኮ፤ ስላልሰማኋት ነው። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ያዳል… ምንድነው ያልከው?» አለች። «ያዳልጣል።» «ያዳልጣል» አለች ቀስ ብላ። እናቴም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት አስተማረቻት። ልጄ ወዲያው ወደ እኔ እያየች «የቸኮለ አባዬ ጭቃ ገባ» አለች። በዚህኛው እኔም ስቄያለሁ፤ አሁን ግን አብረን ነው የሳቅነው።

በማግስቱ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ መንገዱን አደረቁት። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የአካባቢው ገበሬ በትራክተር መጣና ጎትቶ አወጣን። ሌሊቱን ስንታገል ብናድር ኖሮ ቦዩ ውስጥ እንገለበጥ እንደነበር ነገረን። ገንዘብ እምቢ ሲል እናቴ ቆሎ በከረጢት ሰጠችው። የኪራይ ድርጅቱንም ደውዬ እውነቱን ተናገርኩ፤ የማጠቢያውን ከፈልኩ፤ የሚገባኝ ነው።

ከዚያ በአስፋልቱ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ዳይኖሰር ፕሮቪንሻል ፓርክ ገባን። ፓርኩ በ1955 ተቋቋመ፤ በ1979 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ከ40 በላይ የዳይኖሰር ዓይነቶች የተገኙበት፣ ቁልቋል የሚበቅልበት ደረቅ ሸለቆ ነው። አብዛኛው ክፍል ያለ አስጎብኚ አይገባም፤ መኪናም ከተፈቀደው መንገድ አይወጣም። ለምን ቢባል፣ አንድ የጎማ ጉዞ 75 ሚሊዮን ዓመት የቆየ አጥንት ሊሰብር ይችላል።

ትንሹ ልጄ ቡናማ ስብርባሪ አጥንት አገኘና ኪሱ ሊከት ሲል አስጎብኚዋ ከለከለችው። ከፓርኩ ቅሪተ አካል መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው። አጥንት ከቦታው ከተነሳ የትኛው ሽፋን ውስጥ እንደነበረ ስለማይታወቅ ዕድሜውም ይጠፋል ብላ አስረዳችው። እሱ ሲያኮርፍ እኔ ስለ ድንቅነሽ ነገርኩት። ድንቅነሽ በ1974 በአፋር፣ ሐዳር በሚባል እንደዚህ ያለ የተሸረሸረ ደረቅ መሬት ላይ ተገኘች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኗ የታወቀው በዙሪያዋ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሐዳር የሚገኝበት የታችኛው አዋሽ ሸለቆ በ1980፣ ማለትም ከዚህ ፓርክ አንድ ዓመት በኋላ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ2000 ደግሞ በኢትዮጵያዊው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ከሐዳር ብዙ በማይርቀው ዲኪካ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን አገኘ፤ «ሰላም» ብሎ ሰየማት። ልጄ «እንደ እኔ ትንሽ ናት?» አለ። «ካንተም ታንሳለች» አልኩት። አጥንቱን ቀስ አድርጎ የነበረበት ቦታ መለሰው።

ልጆች፣ ቃል ሲጠፋባችሁ ዝም አትበሉ። ያላችሁን ቃል ተጠቀሙ፤ ሳሙናም ቢሆን ሰው ከገደል ያድናል። ወላጆች፣ አስቀድመን ልጁ ያለውን እንስማ፤ እርማቱ በኋላ ይደርሳል። አርቪ የምትከራዩ ደግሞ ውሉን አንብቡ፣ ዝናብ ከጣለ ከአስፋልት አትውጡ፣ ትርፍ ውኃና ምግብ ያዙ።

የሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ፦ አያቶቻችሁን ወይም ወላጆቻችሁን «በእናንተ አገር ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁና የሰጧችሁን ቃላት ጽፋችሁ አምጡ። የኔ ልጅ አምስት ቃል ሰብስባለች። የመጀመሪያው አሁንም «ሳሙና» ነው።

ቸር ያገናኘን!