ለልጄ የመጡት ሽማግሌዎች

በነገሌ ቦረና ለመንግሥት ሥራ ተመድቤ ስኖር፣ ባለፈው ጥቅምት ሦስት ሽማግሌዎች የበኩር ልጄን ለመጠየቅ ወደ ቤቴ መጡ። ደስታዬ ታላቅ ነበረ። ነገር ግን 24 ዓመት የሞላት ልጄ ከገበያ ስትመለስ ሦስት ጊዜ ሳታርፍ ከቤት አትደርስም ነበርና፣ ከንፈሯም ይጠቁር ነበርና፣ መልሱን ለጥምቀት ማግስት ቀጥረን ወደ አዲስ አበባ ይዣት ወጣሁ።

ሐኪሙ መርምሮ፣ በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ከውልደት የመጣ ቀዳዳ እንዳለባት አስታወቀን። በዚያ የሚያልፈው ብዙ ደም ለዓመታት ሲገፋ የሳንባዋን የደም ሥሮች አደንድኗቸዋል፤ ስለዚህ በሕፃንነት ቢደፈን ኖሮ የሚያድናት ቀዳዳ፣ ዛሬ ቢደፈን ይገድላታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሕፃናት ልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሲከፈት ልጄ የ7 ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ድካሟን አይቼ «የቆላው ሙቀት ነው» እል ነበር።

«እንግዲያስ ልቧ ይለወጥ፤ የእኔን ውሰዱ» አልሁ። ሐኪሙ አልሳቀብኝም። ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን ከተማ ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሰው ልብ ሲተክል በሽተኛው 18 ቀን ብቻ ኖረ፤ ዛሬ ግን በውጭ አገር ብዙዎች በሰው ልብ ለዓመታት ይኖራሉ። ልብ የሚወሰደውም አንጎሉ ከሞተ ሰው እንጂ ከሕያው አባት አይደለም። ለልጄ ደግሞ ልብ ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱ ልብ በደነደነው ሳንባ ላይ ደም መግፋት ተስኖት ይወድቃልና፣ ልብና ሳንባ በአንድነት መተከል አለባቸው። ይህም በአሜሪካ በስታንፎርድ በ1973 ዓ.ም. ተሳክቷል። በሀገራችን ኩላሊት መተከል በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ የልብ ግን ገና ነው። ከሰውነት የወጣ ልብ በበረዶ ተይዞ 4 ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚቆይ ስሰማ፣ 600 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የነገሌ መንገድ ትዝ አለኝ። (ስንመጣ ሻሸመኔ ላይ አድረን ነበር።)

ሐኪሙ የሳንባዋን ግፊት የሚያቀልል መድኃኒት ሰጣት፤ ውኃ ጥም እንዳያገኛትም አጥብቆ አዘዘ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ እርግዝና ለእርስዋ የሞት አደጋ ነው» አለኝ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ ቃል ሲያጥረኝ፣ ልጄ ቡናውን ቀድታ ከተቀመጠች በኋላ ራሷ ሁሉን ነገረቻቸው። ታላቁ ሽማግሌ ስኒውን አስቀምጠው ዝም አሉ፤ ቆይተውም፣ «ልጃችን ይህን ሰምቶ አሁንም እሷን ቢልስ፣ ተመልሰን እንምጣ ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኔም ወደ ልጄ ተመለከትሁ።