መንጠቆ በጉልበት አይወጣም

«ዓሣ መብላት በብልሃት» የሚለውን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። እሾሁ በጕሮሮ እንዳይሰነቀር እየለዩና ቀስ እያሉ መጉረስ ይገባል ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ምክር የተናገሩት ስለ ገበታው ነው እንጂ ስለ ማጥመዱ አይደለም፤ ነገር ግን ዓሣው ገና ከውሃ ሳይወጣ ብልሃቱ ይበልጥ እንደሚያስፈልግ እኔ የተረዳሁት በሰው አገር፣ በኬንያ የባሕር ዳርቻ ነው። ለክቡራን አንባብያንም፣ ይልቁንም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውሃ ለሚወጡ ወላጆች፣ ያየሁትንና የተማርሁትን በአጭሩ ለመግለጥ እወዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ዓሣን የምናውቀው ከሐይቅ ነው። በጣና ላይ በደንገል ታንኳ ተቀምጦ መረቡን የሚጥለውን አጥማጅ፣ በሐዋሳ ዳርቻ ቆሮሶ የሚሸጠውን ልጅ፣ በጫሞ ሐይቅ የሚገኘውን ሰው የሚያክል ዓሣ እናውቃለን። ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነችበት ከ1993 ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም። ስለዚህ ወደ ውቅያኖስ ወጥቶ ማጥመድ ለብዙዎቻችን በውጭ አገር ስንኖር ብቻ የሚያጋጥመን ነገር ነው።

እኔ የምኖርባት ናይሮቢም ራሷ የደጋ ከተማ ናት። የጧቱ ብርድ የአዲስ አበባን ያስታውሳል፤ ባሕሩም ከዚያ ሩቅ ነው። ነገር ግን በ2017 አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ ጧት በደጋው ነፋስ የተነሣ መንገደኛ ከቀትር በኋላ የሞምባሳን ወበቅ ይቀበላል። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን በመኪና ሲሄዱ ኪሊፊ፣ ዋታሙና ማሊንዲ የተባሉት ከተሞች በተራ ይገኛሉ። ከዳርቻው ጥቂት ራቅ ብሎ የኮራል ዐለት እንደ አጥር ተዘርግቷል። ከአጥሩ በወዲህ ውሃው ጸጥ ያለ ሲሆን፣ ከአጥሩ በወዲያ ግን ባሕሩ ይጠልቃል፤ ትልልቆቹም ዓሦች የሚገኙት በዚያ ነው። አጥማጆቹም ዓመቱን የሚከፍሉት በነፋሱ ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ፣ ከደቡብ የሚነፍሰውንና ባሕሩን የሚያናውጠውን ኩሲ ይሉታል።

ይህ ባሕር በአጥማጆች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1934 በምሥራቅ አፍሪካ ካደረገው አደን በኋላ በማሊንዲ ዓሣ ለማጥመድ ወጥቶ ነበር። በጀርባው ላይ እንደ ሸራ የሚዘረጋ ክንፍ ያለው፣ አፉም እንደ ጦር የሾለው ሱሊሱሊ የተባለው ዓሣ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ እንግዶችን ይስባል። ይሁንና ዛሬ ብዙዎቹ አጥማጆች ይህን ዓሣ ይዘው ምልክት ካደረጉበት በኋላ መልሰው ይለቁታል። በዋታሙ የሚገኘው የአፍሪካ ቢልፊሽ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ምልክቶቹን እየመዘገበ የዓሦቹን ጉዞ ይከታተላል። ለዚሁም ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ይመረጣል፤ ይህ ዓይነቱ መንጠቆ ብዙውን ጊዜ የዓሣውን የአፍ ጥግ ይይዛል እንጂ ወደ ሆድ ዕቃው አይዘልቅምና።

በጦር ማጥመድንም የሚወዱ ሰዎች አሉ። ጠላቂው ትንፋሹን ይዞ ወደ ታች ወርዶ፣ በጎማ ኀይል ጦር በሚወረውር መሣሪያ ዓሣውን ይወጋል። በኬንያ ግን ይህ መሣሪያ በ2001 በመንግሥት ጋዜጣ በወጣ ማስታወቂያ ተከልክሏል። ምክንያቱም ጠላቂው በኮራሉ ጉድጓድ የተሸሸጉትን ዓሦች አንድ በአንድ እየለቀመ ስለሚጨርስ፣ ኮራሉንም ስለሚጎዳ ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር መሣሪያውን በሻንጣው ይዞ የሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ ሕጉን ይጠይቅ። ከ1968 ጀምሮ በተከለሉት በማሊንዲና በዋታሙ የባሕር ፓርኮች ውስጥማ በማናቸውም መሣሪያ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው።

በሚፈቀድበት አገር ለሚጠልቅ ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ልንገረው። አንደኛ፣ ብቻውን አይጥለቅ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው በላይ ሆኖ ይጠብቀው። ሁለተኛ፣ ከመውረዱ በፊት በኀይል ደጋግሞ አይተንፍስ። እንዲህ ማድረግ ሰውነት «አየር ስጠኝ» የሚልበትን ማስጠንቀቂያ ያዘገያልና፣ ጠላቂው ምንም ሳይታወቀው በውሃው ውስጥ ራሱን ስቶ ይሰጥማል። ሦስተኛ፣ መሣሪያውን ከውሃ ውጭ አያጕርስ። ጦሩ በሰው አካል ከተሰካ ከቶ አይነቀል፤ እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ደግፎ፣ ደሙን በዙሪያው ይዞ፣ የተጎዳውን ሰው በፍጥነት ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

አሁን ወደ ትንሹ መሣሪያ፣ ወደ መንጠቆው ልመለስ። «መንጠቆ» የሚለው ቃል «ነጠቀ» ከሚለው ግስ ጋር የተዛመደ ነው፤ የነጠቀውንም በቀላሉ አይመልስም። ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የምታመለክት አንዲት ትንሽ ጥርስ አለችው። ወደ ፊት ሲገባ ሥጋው ያሳልፋታል፤ ወደ ኋላ ሲጎተት ግን ሥጋውን ይዛ ትቀራለች። እኛ የአገር ቤት ልጆች እሾህን በእሾህ እያወጣን ያደግን ነንና መንጠቆንም እንደ እሾህ ስቦ ማውጣት የሚቻል ይመስለናል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ካስካዚ በሚነፍስበት በአንድ የጥር ወር ነው። አንድ የአገሬ ሰው፣ በናይሮቢ ወዳጄ የሆነ፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጁን ይዞ ከዋታሙ በተከራየነው ጀልባ ወጣን። የጀልባው አዛዥ ሸበቶ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም በአገሩ የአክብሮት ልማድ «ምዜ» እንላቸው ነበር። ከኮራሉ አጥር አልፈን አንድ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዝን ወፎች በውሃው ላይ ሲሻሙ አየን። ወዳጄም ደስታው እየገፋፋው ቀላሉን ዘንግ አንሥቶ ወደ ፊት ለመወርወር ወደ ኋላ አወዛወዘው። ልጁ ከኋላው ቆሞ ነበርና መንጠቆው የልጁን ክንድ ያዘው።

የልጁ ጩኸት ዛሬም በጆሮዬ አለ። አባቱ ዘንጉን ጥሎ፣ ፊቱ እንደ ዐመድ ሆኖ፣ መንጠቆውን በጣቶቹ ጨብጦ ሊመነጭቀው ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ፖሌ ፖሌ፣ ልጄ» አሉት፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ሐራካ ሐራካ ሀይና ባራካ።»

ይህ የስዋሂሊ ተረት «በችኮላ በረከት የለም» ማለት ነው። ባራካና በረከት የአንድ ሥር ቃላት መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

«ምዜ፣ ልጄ እኮ ነው! እያዩት ይደማል!» አለ ወዳጄ።

«ልጅህ ስለ ሆነ ነው የያዝሁህ» ሲሉ መለሱለት።

ከዚያም ሥራቸውን በሥርዐት ጀመሩ። ረዳታቸው የጀልባውን ፍጥነት ቀንሶ የቀሩትን ክሮች ሰበሰበ። ሽማግሌው ልጁን ከጀልባው ወለል ላይ አስቀምጠው፣ እንዳይጎተት ክሩን ከመንጠቆው አጠገብ ቆረጡት። ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጠቡት። መንጠቆው ባለ አንድ ጫፍና ትንሽ መሆኑን፣ ከቆዳው በታች ብዙ አለመጥለቁን፣ ከመገጣጠሚያና ከትልቅ የደም ሥር መራቁን መረመሩ። ልጁ ጣቶቹን ሁሉ እንዲያንቀሳቅስ ጠየቁት፤ አንቀሳቀሰ። ከዚህ በኋላ ጠንካራ ክር በመንጠቆው ጕብጠት ላይ አዙረው ጫፉን በእጃቸው ጠመጠሙት። በሌላው እጃቸው ጣት የመንጠቆውን ዐይን፣ ማለት ክር የሚታሰርበትን ጫፍ፣ ወደ ቆዳው ዝቅ አድርገው ተጫኑት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለችው ጥርስ ከያዘችው ሥጋ ትላቀቃለች። እኔን ከፊታቸው ገለል እንድል አዘዙኝ፤ መንጠቆው ሲወጣ እንደ ጥይት ሊፈናጠር ይችላልና። ልጁን ስለ ትምህርት ቤቱ እየጠየቁት ሳለ ክሩን ከቆዳው ትይዩ በድንገት ሳቡት።

ልጁም «መቼ ነው የሚያወጡት?» ብሎ ጠየቀ። መንጠቆው ግን አስቀድሞ ከጀልባው ጥግ ወድቆ ነበር።

ይህ የክር ዘዴ በአጥማጆች ዘንድ የቆየ ሲሆን በ1961 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ላይ ከተጻፈ ወዲህ በሐኪሞችም ዘንድ ታውቋል። ነገር ግን ለሁሉ አይሆንም። እንደ ጆሮ ጫፍ ባለ በሚላወስ ቦታ፣ በመገጣጠሚያ፣ በጅማት ወይም በአንገት አጠገብ ለተሰካ፣ በጥልቀት ለገባም መንጠቆ ሐኪም ያስፈልጋል። በዐይን የተሰካውን ማንም አይንካው፤ ዐይኑን ሳይጫኑ በኩባያ ወይም ያን በመሰለ ነገር ከልሎ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። መንጠቆው ባለ ሦስት ጫፍ ከሆነ ነፃ የሆኑት ጫፎች በሽቦ መቁረጫ ይቆረጡ ወይም በፕላስተር ይሸፈኑ። ሌላው መንገድ፣ ጫፉን ወደ ፊት ገፍቶ በቆዳው ማዶ ካወጡ በኋላ ጥርሱን ቆርጦ የቀረውን ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ይህ ግን ማደንዘዣ ስለሚያሻው ለሐኪም መተው ይሻላል።

ወዳጄ እፎይ ካለ በኋላ «እንግዲህ ወጥቷል፤ ማጥመዳችንን እንቀጥል» አለ። የጀልባው ኪራይ የሙሉ ቀን ነበርና ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም፤ ወፎቹም ከፊታችን ነበሩ።

ሽማግሌው «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ ነው የተከተበው?» ሲሉ ጠየቁት።

አባት አላወቀም። የምታውቀው በናይሮቢ የቀረችው እናቱ ናት፤ ስልክ ደግሞ ከዚያ አይሠራም ነበር። ሽማግሌውም ምንም ሳይከራከሩ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ምድር መለሱት። «በወጣትነቴ አብሮኝ የሚያጠምድ ሰው ነበር» አሉን በመንገድ ላይ። «መንጠቆው ወጣለት፤ እጁ ግን በአራተኛው ቀን አበጠ። ጣቱ ተቆረጠ።»

ከዳርቻው ስንደርስ ስልኩ ሠራ። እናቲቱ የክትባቱን ካርድ አውጥታ ስታነብ ልጁ ከተከተበ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖት ተገኘ። በሐኪም ቤትም ቁስሉ እንደገና ታጠበ፤ ሳይሰፋ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፈነ፤ ክትባቱም ተሰጠው። ሐኪሙም ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁ ካተኮሰው ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመልሱት አዘዘ። በባሕር ውሃ ውስጥ በተለመደው መድኃኒት የማይበገሩ ተሕዋስያን ይገኛሉና፣ የጉበት ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ወደ ናይሮቢ ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ልጁ በአባቱ ትከሻ ላይ ተኝቶ ነበር። ወዳጄ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ልመነጭቀው የቸኮልሁት ስለምወደው ነበር» አለኝ። እኔም ከዚህ ቃል የሚበልጥ ትምህርት ከጕዞው አላገኘሁም። የሚወዱትን ሰው ሕመም ማየት ያስቸኩላል፤ ችኮላ ግን የፍቅርን መልክ ለብሶ ሥጋ ይቀዳል። እጅን ለጥቂት ጊዜ መግታትም ፍቅር ነው።

እንግዲህ ወደ ባሕርም ሆነ ወደ ሐይቅ የሚወጣ ቤተሰብ አስቀድሞ ይዘጋጅ። በከረጢቱ ውስጥ ሽቦ የሚቆርጥ ፒንሳ፣ ጠንካራ ክር፣ ሳሙናና የሚጠጣ ውሃ፣ ንጹሕ ፋሻና ፕላስተር አይጕደል። የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ አስቀድሞ መደፍጠጥ ለሰውም፣ ለሚለቀቀውም ዓሣ ደግ ነው። ዘንግ የሚወረውር ሰው ወደ ፊቱ ከመወርወሩ በፊት ወደ ኋላው ይመልከት። መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ ፊትን ያድናሉ። የክትባት ቀን ደግሞ በእናት አእምሮ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም፤ አባትም ይወቀው፣ በወረቀት ጽፎም በኪሱ ይያዘው። ይህን ሁሉ ለማዘጋጀት የሚፈጀው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ መንጠቆው ከተሰካ በኋላ ግን ያ ግማሽ ሰዓት በባሕር መካከል አይገኝም።