ስናረጅ የት እንኑር?

የንባብ ክፍል፦ ዘኍልቁ 8፥23–26፤ 2ኛ ሳሙኤል 19፥31–40

በመድረክ ላይ ብዙም የማይነሣ፣ በየአገልጋዩ ቤት ግን ማታ ማታ ባልና ሚስት የሚነጋገሩበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ጉልበታችን ሲደክም የት እንኑር? ስለ ሰማዩ ቤታችን ደጋግመን እንሰብካለን፤ ተስፋችንም እርሱ ነው። እስከዚያው ግን ጣሪያ፣ ውኃ፣ ሐኪምና ጎረቤት ያስፈልጉናል። እኛ ባልና ሚስት ሃምሳዎቹን ከተሻገርን ወዲህ ይህን ጥያቄ ወደ ጎን መተው አልቻልንም። የምንኖረው በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ አካባቢ ነውና ጥያቄው ለእኛ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ቃሉን ጠየቅን። በዘኍልቁ 8 እግዚአብሔር ስለ ሌዋውያን ሲያዝዝ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ከከባዱ ሥራ ይረፍ፣ ነገር ግን ወንድሞቹን በመገናኛው ድንኳን እየረዳ ይቆይ አለ። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርን። ማረፍ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሳንቃና መጋረጃ የተሸከመ ትከሻ እንደሚዝል ፈጣሪው ያውቃል። ማረፍ ደግሞ ከወንድሞች መለየት አይደለም። እንግዲህ የምንፈልገው ቦታ ሁለቱንም የሚችል መሆን አለበት፤ ሥጋችን የሚያርፍበት፣ እጃችንም ለወንድሞቻችን የሚተርፍበት።

መተማን ለማታውቁ ጥቂት እንንገራችሁ። ከጎንደር በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውኃን አልፎ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሱዳን ድንበር ላይ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማዋ የተሰየመችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚሁ በወደቁት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ነው። ከድንበሩ ማዶ ገላባት አለች። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፤ የዕጣን ዛፍም አለበት። ጉሙዙ፣ አማራው፣ ቅማንቱ፣ አገው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰፈራ ከደጋ የወረደው፣ ለአረምና ለአጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረው የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም ይገናኝበታል። ሰው ከየትም ይምጣ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ከመባሉ በፊት «ውኃ ጠጣ» ይባላል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ዶሮ ማርባት፣ ሁለት ፍየል ማሰር፣ ጎመንና ባሚያ መዝራት ይቻላል። በትንሽ ገንዘብ መኖርን እዚህ ተምረናል።

ቆላው የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብም፤ አልጋ ወደ ግቢ ወጥቶ፣ አጎበር ተዘርግቶ ነው የሚታደረው። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይነሣል። በግራር ሥርና በተሰነጠቀው ዋልካ ውስጥ የምትኖረው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ታስተላልፋለች፤ ይህ በሽታ ካልታከመ ይገድላል፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም ከደጋ ለሥራ የሚወርደውን ወጣት ነው። ሕክምናው አለ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የቆመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ይገኛል። ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ወባን ታግሎ በሳምንቱ ወደ እርሻው ይመለሳል። በስድሳ ዓመት፣ ደም ግፊት ተጨምሮበት፣ ነገሩ እንደዚያ አይሆንም።

ከበሽታው ይልቅ በቤታችን ደጋግሞ የሚነሣው የጸጥታው ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. በአካባቢያችን በተነሣው ግጭት ብዙዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ሕዝቡ በመተማ በር ጎረፈ። በኩመርና በአውላላ የስደተኞች መጠለያዎች ተከፈቱ፤ እነርሱም ሰላም አላገኙም፣ በ2016 ዓ.ም. ከዝርፊያና ከጥቃት ሸሽተው ብዙዎች በመንገድ ዳር ሰፈሩ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባ። በመንገድ ላይ ሰውን አግቶ ገንዘብ የመጠየቅ ክፋት ተስፋፋ። 200 ኪሎ ሜትር በካርታ ላይ ቅርብ ነው፤ ሕመምተኛ ይዘው መንገዱ ክፍት መሆኑን በስልክ ለሚጠይቁ ግን ሩቅ ነው።

ልጆቻችን «አባዬ፣ እማዬ፣ ኑና አዲስ አበባ ኑሩ» ይሉናል። ከልባቸው ነው። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን ሠርተነዋል። እነርሱ ራሳቸው የሚኖሩት በኪራይ ነው፤ የእኛ መምጣት አንድ ክፍል ይጨምራል፣ ኪራዩንም ይጨምራል። ባሕር ዳርንም አሰብን፤ ሐይቁ ደስ ይላል፣ የቤት ዋጋው ግን ለእኛ አይደለም። ጎንደር ሆስፒታሉ አለ፣ አየሩም ይስማማናል፤ የቤት ኪራዩ ግን ቆላ ከምንከፍለው ይበልጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ለክፉ ቀን ብለን ያስቀመጥነው ብር መጠኑ ሳይጎድል አቅሙ ጎድሏል።

የጡረታውንም ነገር በግልጽ እንናገር። በሕጉ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። በእኛ ዕድሜ ያለን ብዙ ወንጌላውያን ግን «ጌታ ያዘጋጃል» እየተባለ ያለ መዋጮ ነው ያገለገልነው። ጌታስ ያዘጋጃል። ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው ግን አስቀድሞ በሚያስብ ሰው እጅ ነው፤ ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው እምነት ስለጎደለው አልነበረም።

ታዲያ ቃሉ ስለ ቦታ ምርጫ ምን ይላል? ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ሜዳ አየ፤ ውኃ የጠገበ፣ ለምለም ነበር። በዓይን ሲመዘን ምርጫው ልክ ነበር። ያልመዘነው ነገር ከማን ጋር እንደሚኖር ነው። እኛ የድንበር ሰዎች ይህን ትምህርት በዓይናችን አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. በመተማ በር ከገቡት መካከል ዕድሜያቸውን በካርቱም የገፉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሠርተው፣ ቆጥበው፣ ቤታቸውን አደላድለው የኖሩባት ከተማ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጦር ሜዳ ሆነችባቸው። በፌስታል የልብስ ቅያሬ ይዘው የገቡ አረጋውያንን ተቀብለናል። ለማንም ቢሆን እስከ ሕይወት ፍጻሜ ዋስትና ያለው ከተማ በምድር ላይ እንደሌለ ከስብከት ይልቅ የእነርሱ ፊት አስተማረን።

ይህን ስንል ግን «እንግዲህ የትም ብንኖር ያው ነው» ማለታችን አይደለም። እንዲህ ያለ ንግግር መንፈሳዊ ይመስላል፣ ሰውን ግን ያስቀጥፋል። ሱነማዊቷን ሴት አስቡ። በ2ኛ ነገሥት 4 ኤልሳዕ ምን ላድርግልሽ ሲላት በወገኖቿ መካከል እንደምትኖር ነግራው ምንም አልለመነችም። በምዕራፍ 8 ግን ያው ነቢይ ራብ እንደሚመጣ ነግሮ ተነሥተሽ ሂጂ አላት፤ ሄደች፣ ሰባት ዓመት በፍልስጥኤም አገር ተቀመጠች፣ ተመለሰችም። በመቆየቷም በመሄዷም አልተነቀፈችም። ስለዚህ ከመተማ፣ ከቋራ ወይም ከገንዳ ውኃ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የወጣችሁ ወገኖች፣ ማንም «እምነት ጎደላችሁ» ቢላችሁ አትቀበሉት። ጌታችንም በሕፃንነቱ በሌሊት ወደ ግብፅ ተሰዷል።

ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው ግን የቤርዜሊ ታሪክ ነው። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ከዮርዳኖስ ማዶ የሚኖር ሰው ነበር። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም ሲደርስ፣ መኝታና ዕቃ፣ ስንዴና ገብስ፣ ማርና ቅቤ ይዘው ከመጡት አንዱ እርሱ ነው። በእኛ ቋንቋ፣ የስደተኛ ተቀባይ ነበር። ንጉሡ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ «ከእኔ ጋር ና፣ በኢየሩሳሌም እጦርሃለሁ» የሚል ግብዣ አቀረበለት። ከዚህ የተሻለ ጡረታ ከየት ይገኛል? የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ግን በትሕትና እምቢ አለ። ምላሱ የምግብን ጣዕም፣ ጆሮው የዘፋኞችን ድምፅ እንደማይለይ ተናገረ፤ ለንጉሡ ሸክም መሆን አልፈለገም፤ በገዛ ከተማው፣ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞትን መረጠ። ዳዊትን ዮርዳኖስን አሻግሮ ሸኘው፣ በእርሱ ፋንታ ከመዓም የተባለውን ወጣት ላከ፣ ወደ ስፍራውም ተመለሰ።

ከቤርዜሊ ሦስት ጥያቄዎች ወሰድን፤ ለእናንተም እናካፍላችሁ።

አንደኛው፣ በሌሊት ብንጣራ ማን ይሰማናል? ባለፈው ዓመት ወባ ሁለታችንንም በአንድ ሳምንት ሲጥለን አጥሚት ይዛ የገባችው ጎረቤታችን የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለችም። እንዲህ ያለ ጎረቤት በስድሳ ዓመት አዲስ ከተማ ገብተው በአንድ ጊዜ አያገኙትም። የዓመታት ቡና ነው ያፈራት።

ሁለተኛው፣ የምንኖርበት ገንዘብ የማንን ጉሮሮ ይነካል? የልጅ ጡሪ በረከት ነው፤ አባትና እናትን ማክበር ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ወላጅም የልጁን ጎን ማየት አለበት። ቤርዜሊ ሀብታም ሆኖ ሳለ ሸክም ላለመሆን አስቧል።

ሦስተኛው፣ ቀብራችን የት ይሆናል? ይህን የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም። በአገራችን በብዙ ትንንሽ ከተሞች የወንጌል አማኞች የመቃብር ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ዕድር ግቡ፤ አጥቢያችሁ የመቃብር ቦታ እንዳለው ጠይቁ። ትንሣኤን የሚያምን ሰው ስለ መቃብር ማውራት አያፍርም። አብርሃም በተስፋይቱ ምድር ርስት አድርጎ የገዛው መሬት ሣራን የቀበረበትን እርሻ ነበር።

በእነዚህ ጥያቄዎች ረጅም ጊዜ ከጸለይን በኋላ የወሰንነውን እንንገራችሁ። አቅም እስካለን፣ በር እስካልተዘጋ ድረስ እዚሁ ቆላ እንኖራለን። መድረኩን በስድሳ ዓመት ለወጣቶቹ እንለቃለን፤ እኛም የራሳችን ከመዓሞች አሉንና። ከዚያ በኋላ እንደ ሌዋውያኑ፣ ሕሙማንን መጠየቅና አዲስ አማኞችን ማስተማር ሥራችን ይሆናል። ከሁለታችን አንዳችን ግን የቅርብ ሐኪም ክትትል የሚፈልግ ሕመም ከያዘን፣ ሳንከራከር ጎንደር ወጥተን አንድ ክፍል እንከራያለን። ለዚህ በየወሩ ጥቂት ማስቀመጥ ጀምረናል። ይህንን ለልጆቻችን በስልክ ነግረናቸዋል፤ አንዷ አለቀሰች፣ እኛም አለቀስን፣ ከዚያ አብረን ጸለይን። ውሳኔው ለእኛ ነው፤ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የአጥቢያ መሪዎች ሆይ፣ አንድ ነገር በፍቅር እንለምናችኋለን። ዛሬ ሠላሳ ዓመት የሆነው ወንጌላዊያችሁ ነገ ስድሳ ይሞላዋል። በሕጉ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በፈቃዳቸው የጡረታ ዐቅድ ውስጥ የሚገቡበት በር አለ፤ ዛሬውኑ ተነጋገሩበት። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ የዓለምን ኃጢአት ሲሸከም፣ የእናቱን የእርጅና ቤት አልዘነጋም። ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። የቤተ ክርስቲያን የጡረታ መመሪያ ከዚህ መስቀል ሥር ቢጀመር መልካም ነው።

ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ይህን የምታነቡም፣ ይህ ጌታ ራሱን የሚያስጠጋበት ያልነበረው ሰው ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ቤት ያጣውንም፣ ቤት ይዞ ሰላም ያጣውንም ያውቃል። ዕድሜያችሁ የትም ቢደርስ ወደ እርሱ መምጣት አይረፍድም።

ጌታ ሆይ፣ በሽበታችን ዘመን አትተወን። በድንበር ላሉት፣ በመጠለያ ላሉት፣ በመንገድ ላይ ላሉት ሰላምህን አውርድ። የምናርፍበትን ቦታ አንተ አሳየን፤ በዚያም ለጎረቤቶቻችን በረከት አድርገን። አሜን።