የቆላ ሰው ጓንት ሲገዛ

ትናንት ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ጥምቀትን ጎንደር አንስቼ ከዚያ ስሜን ተራራ ልወጣ ነው። ለፎቶ የሚሆን ጓንት ምን ዓይነት ልግዛ? ወፍራሙ ይሻላል አይደል?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። የአብርሃ ጅራ ልጅ ስለ ጓንት ሲጠይቅ! እኛ እኮ በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ለምደን ያደግን ነን፤ ጓንት የምናውቀው ሐኪም ቤት ነው። ግን ሳቄ ቶሎ ጠፋ። የራሴው ትዝ አለኛ! መልሱ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። በሳንጃ አድርጌ ጎንደር፣ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከዚያ ጨነቅ ወጣሁ። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ፤ ለራሴ ግን አላሰላሁትም። ከጎንደር ገበያ ያገኘሁትን ወፍራም የሞተር ሳይክል ነጂ ጓንት ይዣለሁና ምን እሆናለሁ አልኩ።

ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሷል። ነፋሱ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይመጣል። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ መሞቅ ጀምረዋል። ጓንቱ ይሞቃል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን በእሱ ቁልፍ መጫን አይቻልም፤ ጣቴ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናል። አውልቄ አነሳለሁ፣ መልሼ አጠልቃለሁ። ሲሰለቸኝ ቀኝ እጄን ባዶውን ተውኩት።

ከዚያ ዋልያው መጣ። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ትልቅ ወንድ፣ ከፊቴ ድንጋይ ላይ ቆመ። በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር መኖሪያ የሌለው እንስሳ ማለት ነው። ጣቴን ላንቀሳቅስ ብል እንቢ አለኝ። እንደ እንጨት ሆኗል። እንደምንም ስጫነው ደግሞ ባትሪው በብርዱ ደክሞ ካሜራው ጠፋ። ዋልያው አየኝ፣ ዞረ፣ ወረደ። በቃ።

አብረውኝ የነበሩት ስካውት ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ሁለቱም እጃቸው ጋቢ ውስጥ። «ብረት ባዶ እጅህን ይጠጣዋል ልጄ» አሉና እጄን ይዘው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። የእሳቸው እጅ ትኩስ ነበር! ያኔ ገባኝ፦ እሳቸውም እኔም ብረት ነው የያዝነው፤ ለሁለታችንም ጣት የሚያስፈልገው ለአንድ አፍታ ነው። ብልሃቱ ጣት እስከዚያች አፍታ ድረስ ሞቆ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ወፍራሙን ብቻ አትግዛ። ሁለት ግዛ። ከሥር ጣትን ልክክ የሚል ስስ የሱፍ ጓንት፤ በእሱ ቁልፍ መጫን ትችላለህ። ከላይ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚከት ሰፊ ጓንት፤ ጣቶች አብረው ሲሆኑ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። የላይኛውን በክር አንጓህ ላይ እሰረው፣ ስታወልቀው ገደል እንዳይገባብህ። የጥጥ አትግዛ፤ አንዴ ከረጠበ ያቀዘቅዛል። የሚያጣብቅም አትግዛ፤ ደም ካልዞረ ጓንት ለብቻው አያሞቅም። ካሜራህን አጥልቀህበት ሳትሞክር ገንዘብ እንዳትከፍል። ትርፍ ባትሪ ደረትህ ሥር ይደር። ጣትህ ከደነዘዘ ብብትህ ውስጥ ክተተው፣ እሳት ላይ አትዘርጋው፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይታወቅህም። ማታ ቤት ስትገባ ካሜራውን መጀመሪያ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው፣ ሌንሱ ላብ እንዳይዘው። ጋቢም ያዝ፣ አትፈር።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጨነቅ መመለስ አልሆነልኝም። የዋልያው ቁጥርም እየቀነሰ እንደሆነ ስሰማ ያቺ ጠዋት ትመጣብኛለች። የጭላዳ ፎቶ ሞልቶኛል። የዋልያ አንድም የለኝም።

አንተ አንሳልኝ። ደግሞ ስታነሳው እዚሁ ለጥፈው፣ ሁላችንም እንየው።

እናንተስ፣ ከቆላ ወጥታችሁ ብርድ የቀጣችሁ የት ነው? እስቲ ንገሩን።