ስካይላንድ ላይ የተሰማ ድምፅ

በቨርጂኒያ የሼናንዶዋን ተራሮች አናት ይዞ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ 169 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከፍተኛ ቦታው ስካይላንድ 1,122 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ሥር ላደግሁት ለእኔ ኮረብታ ነው።

ልጄ የአማተር ሬዲዮ ጀማሪዎችን ፈተና አልፋ ፈቃድና የጥሪ ምልክት አግኝታለች። ከ35 ጥያቄ 26 የመለሰ ያልፋል። መናገሩ ግን ከፈተናው ይከብዳል፤ ዓይን አፋር ናት። የእጅ ሬዲዮዋ ሞገድም ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። ከፍታ የፈለግነው ለዚህ ነው።

በመጥሪያው፣ በ146.52 ሜጋኸርዝ፣ ሁለት ጊዜ ተጣራች፤ ዝም።

«እማዬ፣ አንቺ ሞክሪልኝ።»

«ፈቃዱ ያንቺ ነው።»

በሦስተኛው አንድ አዛውንት ከሸለቆው ማዶ ምልክቷን ደግመው ጠሯት። ስለ አንቴናዋ ጠየቋት፤ መለሰች፤ እሷም ጠየቀች። ሃያ ደቂቃ አወሩ። ቤት እንግዳ ሲመጣ ክፍሏ የምትገባው ልጅ! ከፔርሙዙ የቀዳሁላት ሻይ ቀዘቀዘ።