የብሱስ ልጃገረዶች

በሐምሌ ወር አንድ እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ ሦስት ሆነን ሰርቪስ ተሳፈርንና ከቤይሩት ወደ ተራራው ወጣን። ካሃሌ ስንደርስ ቁልቁል ወደ ብሱስ መንደር ታጠፍን። እዚያ ያለው የቆየ የሐር ፋብሪካ ሙዚየም ሆኗል። የሐር ትሎቹን በሕይወት እያሉ ያሳያሉ፤ የቱት ቅጠል ሲቆረጥሙ ድምፃቸው በቆርቆሮ ላይ የሚያካፋ ዝናብ ይመስላል።

እህቶቼ፣ መቼም እኛ ሊባኖስን የምናውቃት በወጥ ቤቷና በበረንዳዋ በኩል ነው። የገዛ ሴት ልጆቿ ድሮ ምን ሠርተው ያድሩ እንደነበር የነገረን የለም።

በዚህ ተራራ የሐር ፋብሪካ ማቋቋም የጀመሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ጊዜው 1840 አካባቢ ነበር (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክሩ ወደ ሊዮን ከተማ ይላክ ነበር። በ1880ዎቹ ፋብሪካዎቹ ከ100 በለጡ። ከ14 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ሠራተኞች 12 ሺህ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፣ አብዛኞቹም ያላገቡ ልጃገረዶች። ለምን ቢሉ፣ ለሴት የሚከፈለው ለወንድ ከሚከፈለው ያነሰ ነበር። ከ1860ው ጦርነት በኋላ ደግሞ አባት የሌላት ልጅ በዝታለች።

ትሉ ራሱን የጠቀለለበት ድር በፈላ ውሃ ገንዳ ይነከራል፤ ልጅቷ የክሩን ጫፍ በጣቷ ፈልጋ ታወጣለች። ከማለዳ እስከ ምሽት፣ በእንፋሎትና በሞተ ትል ሽታ ውስጥ። ገንዘቧ ቤተሰቧን ይደጉማል፤ ስሟ ግን ይጎድፋል። ከወንዶች ጋር መዋሏን ካህናቱም ይነቅፉ ነበር። ፋብሪካው «ካርካና» ይባል ነበር፣ የሥራ ቤት ለማለት ነው፤ ያው ቃል በኋላ በአገሩ አረብኛ የዝሙት ቤት ማለት ሆነ። (እኛንስ ከየትም እንምጣ «ሲሪላንኪየ» ያሉን ጊዜ የለም?)

ከዚያ የቻይናና የጃፓን ሐር ገበያውን ተሻማ። ብዙዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ በመርከብ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ረሃብ ገባ፤ የቱት ዛፎች ለማገዶ ተቆረጡ። ሰው ሠራሹ ሐር ሲስፋፋ ፋብሪካዎቹ በየተራ ተዘጉ። የብሱሱ እስከ 1950ዎቹ ቆየ።

ከእኛ አንዷ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት በአገር ቤት ክር ፋብሪካ ሠርታለች። ገንዳው አጠገብ ብዙ ቆመች። «እጃቸው እንዴት ሆኖ ይሆን?» ብላ የራሷን እጅ ገልብጣ አየችው። መንገድ ላይ ሰርቪስ ስንጠብቅ፣ ክር ሲበጠስ ማሽኑ ሳይቆም እንዴት እንደሚቀጠል በነጠላዋ ጫፍ ታሳየን ጀመር። ሳትጨርስ መኪናው መጣ፤ ማዳሞቻችን ሰዓት ስለሚቆጥሩ ተሳፈርን።